ሳይጠሩ የሚመጡት ሊቀ መንበር

ሳይጠሩት የሚደርስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ የሚል ካለ፣ ወይ ሰፈሩ ገና ሰው አልገባበትም፣ ወይ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው። ቧንቧችሁ የፈነዳ ዕለት መፍቻውን ይዞ በራችሁ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ልጃችሁ ያመማት ዕለት ታክሲውን አስቁሞ ይጠብቃችኋል። ምን ላድርግልህ ብትሉት ምንም ይላል፤ ምንም ማለቱ ደግሞ ከውለታው ይብስ ያስጨንቃል።

የዚህ ሰፈር ሰው ክቡርነታቸው ሊቀ መንበሩ ነበሩ። ማዕረጉ አያሳስታችሁ። በሕይወታቸው አንድም ስብሰባ መርተው አያውቁም፤ ስብሰባ ላይ እጃቸውን ያወጡትም መስኮት ይከፈት ለማለት ብቻ ነው። የቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ታጣፊ የብረት ወንበሮች ኃላፊ ስለነበሩ አንድ ቀልደኛ ሊቀ መንበር አላቸውና በዚያው ቀረ። እውነተኛው የኮሚቴ ሊቀ መንበር ቅር ብሏቸው ነበር ይባላል። ነገር ግን ሰው "ሊቀ መንበሩን ጥሩልኝ" ሲል ማንን እንደሚፈልግ እሳቸውም ያውቁት ስለነበር ዝም አሉ።

ሊቀ መንበሩ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ስለዚህ ያልገቡበት ግቢ፣ ያላዩት ሳሎን የለም። የማን በር ወደ ውስጥ እንደሚከፈት፣ የማን ቤት ሶፋው ካልወጣ ሰው እንደማይቀመጥበት በቃላቸው ያውቁታል። ሰርግም ይሁን ልደት ወይም ለቅሶ፣ ወንበሩን በእጅ ጋሪ ጭነው እየገፉ ያመጡና ራሳቸው ይደረድሩታል። ስንት ሰው ትጠብቃላችሁ ብለው ጠይቀው አያውቁም። ወንበሩ ግን በዝቶም አንሶም አያውቅም። ሰዓት ላይ ብቻ ሁልጊዜ ይቀድማሉ፤ ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ቀደም ማለት አይከፋም።"

በቤታቸው ደግሞ የባሰባቸው ነበሩ። ሚስታቸው ከአልጋ ሳትወርድ ሻይዋ ይደርሳል። ልጃቸው አንድ ብቻ ስለሆነች ለስድስት ልጅ የሚበቃው ሐሳብና ጭንቀት ሁሉ እሷ ላይ ወድቋል። ፈተና በተቀመጠች ቁጥር ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆመው ይውሉ ነበር፤ ምናልባት እርሳስ ቢሰበርባት ብለው። በግንብ አጥር እርሳስ እንዴት እንደሚያቀብሏት አላሰቡበትም። የተዳረች ዕለት የሙሽራውን ሱሪ የተኮሱት እሳቸው ናቸው። ሙሽራው "ሲተኩሱት ውስጡ ነበርኩ" ብሎ የሚያወራው ግን ውሸቱን ነው።

ይህ ሙሽራ፣ የሊቀ መንበሩ አማች፣ ፍሪጅ ሠሪ ነው። ከአማቶቹ ጋር በአንድ ግቢ፣ በረንዳ ተጋርተው ይኖራሉ፤ የሚሠራውም እዚያው ግቢ ውስጥ ካለች ጠባብ ክፍል ነው። ያለምክንያት የሚጮህ ዕቃ የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ፍሪጅ ሲያንጎራጉር ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥና ምክንያቱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥላችኋል። ሰዎች ስለ አማቱ፣ ያልተነገራቸውን ያውቃሉ እያሉ የሚያወሩትንም እንደዚያው ነበር የሚያየው።

ቤተሰቡን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስተዋውቅ የመጣ ዕለት አንድ ነገር አጋጥሞት ነበር። ከቤት ሲወጡ እሱ፣ እናቱና አባቱ ነበሩ። አጎቱ መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ የት ትሄዳላችሁ ብሎ ተከተላቸው። ሳሎኑ ሲገቡ ለእንግዳ የተዘጋጀው አራት ወንበር፣ አራት ብርጭቆ ውሃ ነው። አንድ ሰው ደውሎ መሆን አለበት ብሎ አሰበ። በኋላ ቢጠይቅ የደወለ የለም። ቢሆንም ደውሎ መሆን አለበት በሚለው ጸና።

የጋሪው አንድ ጎማ ይጮሃል። ፍሪጅ ሠሪ ቤት ቅባት ስለማይጠፋ አማችየው ስንት ጊዜ ልቀባው ብሎ ለመነ። እሳቸው ግን "ተወው ልጄ፤ ሰው መምጣቴን ይስማ" ይላሉ። ሰውም ይሰማ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ እየሳቀ።

ሰፈሩ መሳቅ ያቆመው በጡረተኛው አስተማሪ ነው። አስተማሪው አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ግማሽ በግማሽ ሳሙና ቀብቶ ጺሙን ሲላጭ ጋሪው እየጮኸ ግቢው ገባ። ምን ድግስ አለ ቢላቸው ሊቀ መንበሩ ተደናግጠው፣ አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ወንበሮቹን እዚህ ላሳድራቸው አሉ። አስተማሪው ደግ ሰው ነበር፤ ኪራይ አስከፍላለሁ እያለ እየቀለደ፣ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ አብሯቸው አወረደ። አዳራሹ ግን ቀለም አልተቀባም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሊያለቅስ የመጣው ሰው አስተማሪው በእጁ ባወረዳቸው ወንበሮች ላይ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ዳቦ ቤት ያላት ሴትዮ ናት። እናቷ ታማ ጓዳ ተኝታባት ነበር። የጋሪውን ድምፅ ስትሰማ ዱቄት በዱቄት እንደሆነች ወጥታ በሩን በሁለት እጇ ዘጋችና፣ እዚህ ቤት የሚቀመጥ ሰው የለም፣ ይዘው ይሂዱ አለቻቸው። አልተከራከሩም። ዳመና ስለነበር ወንበሮቹን ከአጥሩ ውጭ አስደግፈው፣ ላስቲክ አልብሰው ሄዱ። በማግስቱ ራሷ እያለቀሰችና ሊቀ መንበሩን እየረገመች ወንበሮቹን አስገባቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ስትሸጥላቸው እንኳ ፊቷን አዙራ ነው።

ከዚህ በኋላ ጎማው በተሰማ ቁጥር በሮች ተራ በተራ ይዘጉ ጀመር። አዛውንት ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሳል ያለበት ሰው ጋሪው እስኪያልፍ ትንፋሹን ይይዛል። ሊቀ መንበሩ ግን ግራና ቀኝ ለተዘጋው በር ሁሉ እንደወትሮው ባርኔጣቸውን እያነሱ ያልፋሉ።

ያዳኑትም ሰው አለ፤ ባለመሄድ። አናጢው ከስቶ፣ ሐኪም ተስፋ ቆርጦበት፣ ከሩቅ አገር ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ቤተሰቡ በሙሉ ጆሮውን መንገድ ላይ ጥሎ ነበር። ጋሪው አልመጣም። አናጢው በደከመ ድምፅ "ሊቀ መንበሩ መጥተዋል?" ብሎ ጠየቀ። አልመጡም ሲሉት "እንግዲያው ሾርባ ስጡኝ" አለ። ይኸው እስከ ዛሬ በር ይገጥማል።

በመጨረሻ የቤተክርስቲያኑ ኮሚቴ ጠራቸው። በጨዋ ደንብ፣ ከእንግዲህ ሰው ጠርቶ ካልወሰደዎት ወንበር ይዘው አይሂዱ አሏቸው። ሊቀ መንበሩ ታዛዥ ናቸውና እሺ አሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ጋሪያቸውን ጭነው፣ ከአንድ ቤት ፊት ለፊት ጥግ ይዘው፣ እስኪጠሯቸው ቆመው ጠበቁ። ሰፈሩ ይህን ካየ በኋላ ኮሚቴው ራሱ ሄዶ፣ ግድ የለም እንደ ድሮዎ ያድርጉ ብሎ ለመናቸው።

አማችየው ይህን ሁሉ ሲሰማ ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ሊቀ መንበሩ የፍሪጅ በር ሲይዙለት፣ የሰፈሩን ወሬ አንስቶ ነገሩ ቀላል ነው አላቸው። በየቀኑ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የማን ፊት እንደጠቆረ ያያሉ፣ ስለዚህ ይገምታሉ፤ አለቀ። ሊቀ መንበሩ የያዙትን በር ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

"እኔ ምንም አልገምትም" አሉ። "ጠዋት አዳራሹን ስከፍት ከግድግዳው ራቅ ብለው የቆሙ ወንበሮች አሉ። እነሱን ጭኜ እወጣለሁ። የት እንደምሄድ የማውቀው ስቆም ነው።"

"ማን ነው የሚያወጣቸው?"

"እኔማ የአዳራሹ ዘበኛ ይመስለኝ ነበር።"

አማችየው ምክንያቱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጠው ወደ ዘበኛው ሄደ። ዘበኛው የሚያወጧቸው ሊቀ መንበሩ ራሳቸው መስለውት ኖሯል። እሱ እንኳን ወንበር ሊያወጣ፣ ከመሸ ወደ አዳራሹ በር እንደማይጠጋ ነገረው። ለምን ሲለው ውስጥ ብረት ሲጎተት ይሰማል አለና ወሬውን ቀየረ። አማችየው ከዚያ ቀን ወዲህ ሳቁን ቀነሰ።

በዚህ መሃል ሚስቱ አረገዘች። እርግዝናዋ ሲገፋ የደም ግፊቷ ከፍ አለ፤ ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትነሺ አላት። አባቷ በረንዳውን በጫማ ላለማንኳኳት በካልሲ መራመድ ጀመሩ። አማችየውም በጆሮው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያዳምጠው፤ የእሷን ትንፋሽ።

አንድ ጠዋት ከፍሪጅ ጀርባ ተንበርክኮ ሳለ ጎማው ከሩቅ ጮኸ። በሮች ሲዘጉ ይሰማዋል፤ የታችኛው፣ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያ የጎረቤታቸው። ሊቀ መንበሩ ከልጃቸው ሰርግ ወዲህ ጋሪውን ወደ ራሳቸው ቤት አምጥተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ አዳራሹ ነው የሚያድረው። ስለዚህ እስኪያልፍ ጠበቀ። ድምፁ አላለፈም። ግቢያቸው በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

ወጣ። ጋሪው እስከ አፉ ተጭኖ በገመድ ታስሯል። እንዲህ ተጭኖ አይቶት አያውቅም። ሊቀ መንበሩ እጀታውን እንደያዙ ከበሩ ውጭ ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"አባባ፣ ይሄ ለማን ነው?" አላቸው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውስጥ እንዳይሰማ።

"አላውቅም ልጄ።"

"እንዴት አያውቁም?"

"ትናንት ሁሉም ወጥተው አገኘኋቸው። አንድ ሳይቀር። አይሆንም ብዬ መልሼ ከግድግዳው አስጠጋኋቸው። ዛሬ ስከፍት በሩ ድረስ መጥተዋል።" እጀታውን ለቀቁት። "ይሄ ሁሉ ሰው የሚመጣው ለማን ነው? ለወጣት ነው እንጂ ለሌላ ለማን ይመጣል? አንተ መልሳቸው። እኔ እምቢ ብያቸው አላውቅም፤ እምቢ ማለት አልችልበትም።"

አማችየው የአዳራሹን ቁልፍ ከእጃቸው ነጥቆ፣ ጋሪውን አዙሮ በዚያው መንገድ ገፋው። ሰዎች በሽንቁር እንደሚያዩት ያውቅ ነበር፤ ግድ አልሰጠውም። አዳራሹ ገብቶ ወንበሮቹን እየወረወረ ከግድግዳው ጋር አጣበቃቸው። ሲወጣ ወደኋላ ላለመዞር ራሱን አስገድዶ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ቤት ሲደርስ የሚስቱ እናት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ምጥ መጥቷል።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሊቀ መንበሩ ቀድመዋቸዋል። መግቢያው ላይ በሽተኛ የሚገፋበት ባለጎማ ወንበር ይዘው ቆመዋል። አማችየው ያን ወንበር ሲያይ ሚስቱን በእጁ አቅፎ አስገባትና ተመልሶ፣ "አባባ፣ ከእሷ ራቅ ይበሉልኝ። እለምንዎታለሁ" አላቸው። ሰውየው እሺ አሉ። ኮሪደሩ መጨረሻ ካለው መስኮት ሥር ሄደው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ።

እሷ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። አንዱ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብሏል። አማችየው በእግሩ ገፋ አድርጎ አስጠጋው። ቆይቶ ሲያየው እንደገና ራቅ ያለ መሰለው። ሄዶ ተቀመጠበት፤ በሙሉ ክብደቱ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ፣ በሩን እያየ። ስለ ምክንያት አላሰበም። እሷን አትውሰድብኝ ብቻ ነበር የሚለው፤ ለማን እንደሚለውም አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ወጣች። ሴት ልጅ ናት። እናትየውም ደህና ናት፤ ግፊቷም ወርዷል። አማችየው አላመናትም፤ ሐኪሙን አስጠርቶ ከአፉ ሰማ፤ ገብቶም ሚስቱን አያት፤ ደክሟት ትስቃለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሮጠ።

"አባባ፣ ሴት ናት።"

ሊቀ መንበሩ አልዞሩም። "እናትየውስ?"

"ደህና ናት። አይቻት ነው የመጣሁት።"

"ሐኪሙ ምን አለ?"

"ነገ ቤት ትገባለች አለ።"

አሁን ዞሩ። እያሰቡ እንደሆነ ግንባራቸው ላይ ይታያል። "ሚስቴ ደህና ናት" አሉ፤ "ስኳርም ግፊትም የለባትም። አንተስ? የሚያምህ ነገር አለ?"

"እኔማ ምን አለኝ።"

ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ። አማችየው አንድ ሰው እንዲህ ደስ ሲለው አይቶ አያውቅም።

"ተመስገን" አሉ ሊቀ መንበሩ፤ "ለካ የኔ ናቸው።"

ሳቁ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ እንባቸውን በመሐረባቸው ጠረጉና የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ገቡ። ሲወጡ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ጠየቁት። አማችየው ኪሱን በእጁ ሸፍኖ ተዉ አባባ፣ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ አላቸው። ነገ ሕፃኗ ትመጣለች፣ ግቢው በጠያቂ ይጨናነቃል፣ ዛሬ ልጨርሰው አሉት። ቀደም ማለት አይከፋም ሲሉ ድምፃቸው የሰርግ ወንበር የሚያዘጋጅ ሰው ድምፅ ነበር። ሰጣቸው።

ሚስቱ ሕፃኗን ይዛ ስትገባ በረንዳው ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ጥቂት ወንበር በሥርዓት ተደርድሮ ነበር። እሷ ለጠያቂ የመጣ መስሏት አባዬ መቼም አይረሳም አለች። አማችየው ሻንጣዋን ይዞ አልፎ ገባ። ሊቀ መንበሩ ቀሪውን ጊዜ የሕፃኗን ልብስ ሲተኩሱ፣ እሷን አቅፈው በካልሲ በረንዳው ላይ ሲመላለሱ አሳለፉት። ሌሊት ሌሊት አማችየው እየተነሳ በመስኮት በረንዳውን ያያል፤ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። እየዋለ እያደረ ሲሄድ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ የተሳሳቱ መስሎት ልቡ ማረፍ ጀምራ ነበር።

አንድ ረፋድ ሊቀ መንበሩ ሕፃኗን ለእናቷ መለሱና፣ ትንሽ ልረፍ ብለው ከወንበሮቹ በአንዱ ተቀመጡ። ሚስታቸው ምሳ ምን ይሠራ ብላ ልትጠይቃቸው ብትወጣ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አገኘቻቸው። ሁለት ጊዜ ጠራቻቸው። በሕይወታቸው ተጠርተው ያልመጡት ያኔ ብቻ ነው።

ሰው መምጣት ጀመረ። በረንዳው ላይ ያሉት ወንበሮች ለቤተሰቡና ለቅርብ ጎረቤት እንኳ አልበቁም። ግቢው ሞላ፤ ሰው ቆመ፤ ከዚያ በሩ ላይ ሞላ፤ መንገዱ ላይ ቆመ። ያ ሲዘጋ የኖረ በር ሁሉ ተከፍቶ ሰው ይወጣበታል። ስንት ዓመት ለሰው ሁሉ አንድ ወንበር ሳይሳሳቱ የኖሩት ሰውዬ በራሳቸው ለቅሶ ሰፈሩን በሙሉ አቆሙት። አማችየው ዓይኑን ማመን አልቻለም። ግቢው ጥግ ቆሞ የቀረውን ጋሪ ይዞ ወደ አዳራሹ ሄደ።

ዘበኛው ሊቀ መንበሩ ያስረከቡትን ቁልፍ ሲያወጣ፣ ሕፃኗ የተወለደች ማታ ራቅ ብሎ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ነገረው። ሊቀ መንበሩ ከሆስፒታል መጥተው ሲከፍቱ ወንበሮቹ በሙሉ አዳራሹ መሃል ቆመው ነበር። እሳቸውም አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው እየመለሱ "ተመለሱ፤ ለእኔ ማን ይመጣና ነው" ይሏቸው ነበር። ጥቂት ብቻ አስቀርተው፣ ያችኑ ጭነው ሄዱ።

በሩ ተከፈተ። ወንበሮቹ ከግድግዳው ተነስተዋል። አንድ ሳይቀር፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ቆመዋል። ዘበኛው ወደኋላ ተመለሰ። አማችየው ግን አልፈራም፤ ለምን እንዳልፈራ ኋላም ለራሱ ሊያስረዳ አልቻለም። ገብቶ የመጀመሪያውን አነሳ። ከኋላው የእግር ድምፅ ሲሰማ ዞረ። መንገድ ላይ ቆመው የነበሩት ሰዎች ተከትለውት መጥተዋል። ከፊት ዳቦ ቤት ያላት ሴትዮ፣ ከእሷ ቀጥሎ አናጢው፣ ከዚያ ሌላው ሌላው። ሴትዮዋ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

"ለእኛ ሲሆን አይሳሳቱም ነበር" አለች፤ "ለራሳቸው ሲሆን ጠፋባቸው።" ሁለት ወንበር በግራና በቀኝ ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች።

አማችየው እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰም ነበር። የያዘውን ወንበር ደረቱ ላይ እንዳቀፈ፣ እዚያው በሩ ሥር፣ በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰ። ተው ያለው የለም። ወንበሮቻቸውን ተሸክመው በጎኑ እያለፉ ወጡ።